አርታኢ፦ እኔው ራሴ

መጽሐፍ ቤት ስገባ አንድ ክፉ ልማድ አለኝ። ልብ ወለድ አንስቼ ሽፋኑን አላይም፤ የጀርባውን ሙገሳም አላነብም። ቀጥታ ወደ ሁለተኛዋ ገጽ ነው የምሄደው፤ ያቺ ማንም የማያነባት፣ የማተሚያ ቤት ስምና የስልክ ቁጥር የታጨቀባት ገጽ። እዚያ የምፈልገው አንዲት ቃል ነው፦ «አርታኢ»። ብዙ ጊዜ የለችም። ስትኖርም የደራሲው ጓደኛ ስም ይከተላታል። አንድ ቀን ግን «አርታኢ፦ ደራሲው» የሚል አጋጠመኝና ሳቄ አመለጠኝ። ሻጩ «ምን አገኙ ጋሼ?» ቢለኝ ገጿን አሳየሁት። ምኑ እንዳሳቀኝ አልገባውም።

«ታዲያ ማን ይሁን?» አለኝ።

ይህቺን ጥያቄ ይዛችሁ ቆዩኝ። እኔ መልሱን የማውቅ መስሎኝ ነበር፤ አለማወቄን የነገረኝ አዘና ላይ ያገኘሁት ሰው ነው።

በ2014 ዓ.ም. ጥር ላይ ለዘመድ ሠርግ አዘና ሄጄ ነበር። ከባሕር ዳር ለሚነሳ ዳንግላን፣ አዲስ ቅዳምን፣ እንጅባራን አልፎ ነው። አዲስ ቅዳም ዙሪያ ለከሰል የሚተከለው ዲከረንስ ግራና ቀኝ እንደ ግድግዳ ቆሞ ይቀበላችኋል፤ እንጅባራ ስትደርሱ ቀርከሃና ብርድ ይረከቧችኋል። አዘና የአንከሻ ጓጉሳ ወረዳ ከተማ ናት። ሰዉ በአውኚ ይጀምርላችሁና ፊታችሁን አይቶ ሳይጨነቅ ወደ አማርኛ ይዞራል፤ እንግዳ መሆናችሁን እንኳ አያሳብቅባችሁም። ዳሱ ውስጥ ጠላ ይዤ እንደተቀመጥኩ አንድ ጎልማሳ አጎንብሶ ሰላም አለኝ።

«መምህር፣ አወቁኝ?»

አላወቅሁትም። በ2001 ዓ.ም. ሥነ ጽሑፍ አስተምሬዋለሁ። አሁን እሱም የአማርኛ መምህር ነው። ወሬ እያነሳን ስንጥል ቆየንና ድንገት «አንድ ጊዜ የጻፍኩትን አጭር ልብ ወለድ ሰጥቼዎት ነበር» አለኝ።

«እና ምን አልኩህ?»

«‹ተረት ነው› ብለው በቀይ ጽፈው መለሱልኝ።»

ፈገግ ብሎ ነው የነገረኝ፤ ቂም የለበትም። እኔ ግን ጠላዬ ጉሮሮዬ ላይ ቆመ። ምክንያቱም ትዝ አለኝ። ጽሑፉ አይደለም ትዝ ያለኝ፣ አላነበብኩትማ። ትዝ ያለኝ የዚያ ዓመት ጠባዬ ነው። 2001 ዓ.ም. የይስማዕከ ወርቁ «ዴርቶጋዳ» የወጣበት ዓመት ነው። የጣና ገዳማትን፣ ሳይንቲስቶችንና ሰላዮችን አንድ ላይ ያጋጨ መጽሐፍ፤ ተማሪው ከመምህር ተደብቆ በዴስክ ሥር የሚያነበው። እኛ መምህራኑ ሻይ ቤት ተቀምጠን እንስቅበት ነበር። አንዳችንም ግን «ይህ መጽሐፍ ጥሩ አርታኢ አግኝቶ ቢሆን ምን ይሆን ነበር?» ብለን አልጠየቅንም። መጽሐፉ ደጋግሞ ታተመ፣ «ራማቶሓራ» ተከተለው፣ አንባቢው ተሰለፈ። በአገራችን ለዚህ ዓይነቱ ልብ ወለድ አንባቢ የለም የሚለውን ሰበብ አንድ ወጣት ብቻውን አፈረሰው። እኛ ደግሞ ከአንባቢው ጎን መቆም ሲገባን አፍንጫችንን ነፋን።

በማግስቱ ሦስት ደብተር አመጣልኝ። ባለ ሃምሳ ሉክ ደብተር፣ በሁለቱም ገጽ የተጻፈ። «እንደ ድሮው አይደለም፤ አሁን ግድ የለዎትም፣ ቆንጠጥ አድርገው ያርሙኝ» አለኝ።

ታሪኩ የሚነሳው ከዘንገና ሐይቅ ነው። ዘንገናን ያየ ያውቃታል፤ ከእንጅባራ ወደ ጢሊሊ ሲኬድ ከመንገዱ ዳር፣ በእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ውስጥ እንደ ሳህን ክብ ሆና የተቀመጠች ሐይቅ። በልጁ ታሪክ የሐይቋ ውኃ በየሌሊቱ አንድ ክንድ ይጎድላል፤ ከወደፊት ዘመን የመጡ፣ ውኃ የጠፋባቸው ሰዎች እየቀዱ ይወስዱታል። ከሐይቁ ወለል ላይ በር አለ። በበሩ መሻገር የሚችል ፍጥረት ፈረስ ብቻ ነው፤ ሰው የሚሻገረው በፈረስ ጀርባ ላይ ሆኖ ነው። የተሻገረ ፈረስ ደግሞ አይመለስም። እስቲ አስቡት! በየዓመቱ ጥር 23 ቀን የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ፈረሱን ሸልሞ እንጅባራ ሜዳ ላይ በሚወጣበት አገር፣ ፈረስ የማይመለስበት በር። የአዊ ገበሬ ከጎረቤቱ ዘመን ላለመጠማት ሲል ፈረሱን ይሰጣል ወይስ አይሰጥም? ይህን ሐሳብ ከየትኛውም የውጭ መጽሐፍ አልገለበጠውም። ከደጁ ነው ያነሳው።

ሌሊቱን ሳነብ አደርኩ። ሁለተኛው ደብተር ላይ የጀግናው ፈረስ ተሻግሮ ተመለሰ። አንዴ ብቻ አይደለም፣ ሦስቴ። አራተኛው ምዕራፍ ላይ ሐይቁ ደርቋል፤ ዘጠነኛው ላይ አንድ ሕፃን እዚያው ሐይቅ ውስጥ ይሰጥማል። በመሐል ወደ አርባ ገጽ የሚጠጋ የፍቅር ደብዳቤ አለ። ምን አደረግሁ? ሀሌታውን «ሀ» ከሐመሩ «ሐ» ለየሁለት። እሳቱን «ሠ» ከንጉሡ... ይቅርታ፣ ንጉሡን «ሠ» ከእሳቱ «ሰ» ለየሁለት፤ በዚህ እንኳ ሰው አይቀድመኝም ባይ ነኝ፣ እንዳያችሁት። አራት ነጥብ ጨመርኩ። ከዚያ ብዕሬ ቆመ። የፈረሱን ነገር ምን ልበለው? ሕጉን ይቀይር? ወይስ ፈረሱን ያስቀር? ፈረሱ ከቀረ ሦስተኛው ደብተር በሙሉ ይፈርሳል። ሠላሳ ዓመት ሥነ ጽሑፍ አንብቤ፣ ከዚያ ውስጥ ብዙውን አስተምሬ፣ ለዚህ ጥያቄ የሚሆን ዕቃ በእጄ እንደሌለ ያወቅሁት ያን ሌሊት ነው።

ነገሩ ወዲህ ነው። ስለ ፒያሳ የሚጽፍ ደራሲ ቢሳሳት ፒያሳን የሚያውቅ አንባቢ ያርመዋል። ዓለሙ ራሱ አለና ያርመዋል። የሌለ ዓለም የሚፈጥር ደራሲ ግን ከቃሉ በቀር ምስክር የለውም። ፈረስ አይመለስም ካለ አይመለስም፤ ከተመለሰ አንባቢው መጽሐፉን ይዘጋል፣ ለምን እንደዘጋው እንኳ ሳያውቀው። ስለዚህ የሳይንስና የምናብ ልብ ወለድ ከማንኛውም ልብ ወለድ ይበልጥ ሁለተኛ ሰው ይፈልጋል። ፊደል የሚለቅም አይደለም። ያልተፈጠረውን አገር ከደራሲው ጋር ገብቶ ዞሮ የሚያይ፣ «ይሄ ወንዝ ሽቅብ እየፈሰሰ ነው፤ አውቀህ ነው ሳታውቅ?» የሚል ሰው።

ሌላው ዓለም ይህን ሥራ የዕድሜ ልክ ሙያ ካደረገው ቆየ። ጆን ካምቤል የሚባል አሜሪካዊ በ27 ዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1937 የአንድ የሳይንስ ልብ ወለድ መጽሔት አርታኢ ሆነ፤ በ1971 እስኪሞት ከዚያ ወንበር አልተነሳም። በ1938 አንድ የ18 ዓመት ልጅ፣ አባቱ ብሩክሊን ውስጥ ከረሜላ የሚሸጥ፣ ረቂቁን ይዞ ቢሮው ድረስ መጣ። ካምቤል ከልጁ ጋር ከአንድ ሰዓት በላይ አወራ። ረቂቁን አልተቀበለውም። ግን ለምን እንዳልተቀበለው ዘርዝሮ በደብዳቤ ላከለት። ልጁ አይዛክ አሲሞቭ ነበር። ሦስት ዓመት ቆይቶ ያው አርታኢ ጠርቶት «ከዋክብት በሺህ ዓመት አንዴ ብቻ ቢታዩ ሰዎች ምን ይሆናሉ?» ብሎ ጠየቀውና ልጁን ስመ ጥር ያደረገው አጭር ታሪክ ተወለደ። ስለ ሮቦት ሦስቱ ሕጎችም አሲሞቭ የካምቤል ናቸው ይል ነበር፤ ካምቤል ደግሞ የለም፣ ካንተው ታሪኮች ውስጥ ያገኘኋቸው ናቸው ይላል። የማን ሥራ የት ላይ እንዳበቃ ሁለቱም አለማወቃቸው ነው እኔን የሚያስቀናኝ።

ሌላዋ ጁዲ ሊን ዴል ሬይ ናት። ስትወለድ ጀምሮ ቁመቷ እንዳያድግ ያደረገ ሁኔታ ነበረባት። እ.ኤ.አ. በ1965 አንድ መጽሔት ቢሮ ውስጥ ከታች ጀመረች። መጽሐፍ አሳታሚ ቤት ገብታ ገና ማንም ያላየውን «ስታር ዋርስ» የተባለ ፊልም ታሪክ በመጽሐፍ መልክ አወጣችው፤ መጽሐፉ በ1976 መጨረሻ ታተመ፣ ፊልሙ የወጣው በ1977 ነው። በዚያው ዓመት በቤተሰቧ ስም የሚጠራ የመጽሐፍ ዘርፍ ተከፈተላት። እሷ ሳይንሱን ያዘች፣ ባሏ ሌስተር ምናቡን። በ1986 ስትሞት የዘርፉ ሰዎች የዓመቱ ምርጥ አርታኢ ብለው ሸለሟት። ባሏ ሽልማቱን አልቀበልም አለ፤ ሞተች ተብሎ የሚሰጥ ሽልማት እሷ ራሷ አትወደውም ነበር ብሎ። ልብ በሉ፤ እዚያ አገር አርታኢ ስትሞት ይህን ያህል ጠብ ይነሳል። እዚህ አርታኢ ቢሞት ማን ያውቃል?

መቼም የውጭ ሰው አወድሼ አላበቃም። ያው ካምቤል እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ የሳሙኤል ዲላኒን «ኖቫ» የተባለ ረቂቅ መልሶታል። ምክንያቱ፣ ዲላኒ እንደጻፈው፣ ዋናው ገጸ ባሕርይ ጥቁር በመሆኑ አንባቢዎቼ አይቀበሉትም የሚል ነበር። በሺህ ዓመት አንዴ የሚታይ ኮከብ ማሰብ የቻለ ጭንቅላት ጠፈር ላይ የሚሄድ ጥቁር ሰው ማሰብ አቃተው! በ2019 በስሙ ይሰጥ የነበረው ሽልማት ስሙ ተቀየረ። እና ይህን ሳነብ የታየኝ ምንድን ነው፦ የዘንገናው ፈረስ ካምቤል ፊት ቢቀርብም አያልፍም ነበር። ከውጭ የምናስመጣው አርታኢ የለም። የአዊን ፈረስ የሚያርም ሰው፣ ፈረስ ለአዊ ሰው ምን እንደሆነ የሚያውቅ መሆን አለበት።

«የኛ ባህል እኮ እርማት አያውቅም» የሚለኝ ሰው አይጠፋም። ውሸት ነው። ቅኔ ቤት የዋለ ሰው ይጠይቅ። ጎጃም ውስጥ የቅኔ ተማሪ ቀን ቅኔውን ሲቆጥር ይውላል፣ ከዚያ የኔታ ፊት ቀርቦ ይነግራል። ነገራ ይሉታል። ገና ጉባኤ ቃና ላይ ያለ፣ ሁለት ቤት ብቻ የሚቆጥር ልጅ ሳይቀር ይነግራል። ቤቱ ከጎደለ የኔታ ያስቆሙታል። ምሥጢሩ ከወደቀ ያነሱለታል፤ አንዳንዴም ከልጁ ሰም የተሻለ ወርቅ ያወጡለታል። ልጁ ግን «ቅኔዬን ነኩብኝ» ብሎ አይከስም፤ ተነግሮ ያልታረመ ቅኔ ቅኔ አይደለምና። እንግዲህ አርታኢ ማለት ይኸው ነው። «ልብ ወለድ» የሚለውን ቃል መጽሐፉ ላይ ጽፎ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ያሳተመው አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ እንኳ የዘጌ ልጅ ነው፤ ከዚሁ ከጣና ዳር። አገሩ ይህን ሙያ ከማንም አይለምንም ነበር።

በዘመናዊው መንገድም ሞክረነው ነበር። ኩራዝ አሳታሚ ድርጅት እነ አማረ ማሞን የመሰሉ፣ ረቂቅ አንብቦ ደራሲውን ጠርቶ የሚያወያይ አርታኢ ነበረው። ጉዳዩ ግን ንጹሕ ታሪክ አይደለም፤ በአጠገባቸው ሳንሱር ነበረ። በ1975 ዓ.ም. የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» በዚያው በኩራዝ ታትሞ ከገበያ ተሰበሰበ፤ በየካቲት 1976 ደራሲው ራሱ ወጥቶ ቀረ። በዓሉ ራሱ «መነን»ንና «አዲስ ዘመን»ን ያዘጋጀ አርታኢ ነበር፣ ይህንንም አንርሳ። ከዚያ በ1985 ዓ.ም. የፕሬስ ሕጉ ሲወጣ ቅድመ ምርመራ ቀረ። እሰየው! ነገር ግን የዚያን ጊዜ አንድ ነገር ተምታታብን። ሳንሱርም ቀይ እስክሪብቶ ይይዛል፣ አርታኢም ቀይ እስክሪብቶ ይይዛል። ሳንሱሩን ስንሸኝ አርታኢውንም አብረን ሸኘነው። አንዱ የሚሰርዘው አለቃው እንዳይቆጣ ነው፤ ሌላው የሚሰርዘው አንባቢው እንዳይሰለች። ይህን ልዩነት ከሠላሳ ዓመት በላይ ሳናጠራው ኖርን።

ውጤቱ ምንድን ነው? ዛሬ አሳታሚ ነኝ የሚል ሰው አብዛኛውን ጊዜ አከፋፋይ ነው። ረቂቅ አያነብም፣ የደራሲ ስም ነው የሚያነበው። ደራሲው በገዛ ገንዘቡ ያሳትማል፣ አከፋፋዩ ድርሻውን ቆርጦ ያከፋፍላል፣ ትርፉና ኪሳራው እንደ ዕድል። አርታኢ ከተጠራ የሚጠራው መጽሐፉ ማተሚያ ቤት ሊገባ ሳምንት ሲቀረው ነው፤ የሚከፈለው በገጽ ነው፤ ስለዚህ ገጽ የሚቀንስ አርታኢ የራሱን ደመወዝ ይቀንሳል። አርባ ገጽ የፍቅር ደብዳቤ ውጣ ብሎ ማን ያስወጣዋል? ደራሲዎቻችንም አይሻሉም። «ነጠላ ሰረዜን አታንካብኝ» የሚል ደራሲ አውቃለሁ፣ ወዳጄ ነው፣ ይህን ሲያነብ ራሱን ያውቃል። ምርቃት ላይ አዳራሽ ሙሉ ሰው ጠርቶ ያስመሰግናል፤ ከዚያ ሁሉ ሰው ውስጥ ግን አንድም ሰው «ስድስተኛው ምዕራፍ አያስፈልግም ነበር» አላለውም።

«ገንዘብ የለም እኮ» ትሉኛላችሁ። አውቃለሁ፣ የወረቀት ዋጋ የት እንደደረሰ እያየሁ ነው። ግን የሽፋን ሥዕል ሠሪ ይከፈለዋል አይደል? የምርቃቱ አዳራሽ፣ የባነሩ፣ የውኃው ሳይቀር ይከፈላል። ገንዘቡ አለ፤ እርማት ላይ ለማውጣት ነው እጃችን የሚያጥረው። የዴል ሬይን ቤት ሀብታም ያደረገው ደግሞ ያው አርታኢ ነው፤ ሌላው እንደ ልጅ ተረት የናቀውን ረቂቅ አንብቦ የሚሸጠውን ከማይሸጠው የለየ፣ የማይሸጠውን ደግሞ እስኪሸጥ ያስተካከለ። ዩኒቨርሲቲዎቻችንም ቢሆኑ ስለ ንድፈ ሐሳብ ስንት ኮርስ እንሰጣለን፤ ረቂቅ ይዞ ከሕያው ደራሲ ጋር መቀመጥን የሚያስተምር ኮርስ እኔ ባስተማርኩበት ዘመን ሁሉ ሰጥቼ አላውቅም። ሐያሲ አፈራን ብለን እንኮራለን። ሐያሲ መጽሐፉ ከተቀበረ በኋላ ነው የሚመጣው፣ እንደ አስለቃሽ። ሐኪም ነው ያጣነው።

እሺ፣ ወደ አዘና ልመለስ። ደብተሮቹን ይዣቸው መጣሁ። ለሰውየው ሰው ፈለግሁለት፤ እውነቴን ነው፣ ፈለግሁ። አንድ አሳታሚ «የሳይንስ ነገር ከሆነ ለሕፃናት አድርገው» አለኝ። ሌላው ስንት ገጽ እንደሆነ ብቻ ጠየቀ። አንድ የድሮ ባልደረባዬ አንብቦ «ጥሩ ነው» አለኝ፤ ስለ ፈረሱ ስጠይቀው ፈረስ መኖሩንም አላስታወሰም። ከዚያ በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልሉ ጦርነት ተነሳ፣ መገናኘታችን የኔትወርክ ዕድል ሆነ። ሲገኝ እንኳ የምንጠያየቀው ስለ ደህንነት እንጂ ስለ ዘንገና አልነበረም። ደብተሮቹ መሳቢያዬ ውስጥ ተቀመጡ፤ ሰው ሲመጣ እንዳያይብኝ ሁሉ ደበቅኋቸው።

ባለፈው ሳምንት ደወለ።

«መምህር፣ ደህና ነዎት? ቤተሰብ ሁሉ ደህና?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ እናንተስ?»

«አለን። መምህር፣ ላሳትመው ነው።»

ከመምህራን ቁጠባና ብድር ሊበደር ነው። አንድ ሺህ ኮፒ። ማተሚያ ቤቱ ዋጋ ነግሮታል፣ ዋጋውም ለአሥር ቀን ብቻ ነው የሚጸናው፤ ወረቀት ስለሚጨምር። ቅጂ ነበረው ለካ፤ ስንት ዓመት እኔን ሲጠብቅ ከርሞ አሁን በቅጂው ሊያሳትመው ነው። ሚስቱ ፈርማለች፣ አንድ ባልደረባው ዋስ ሆኗል። የሁለተኛውን ገጽ ጽሑፍ በስልክ አነበበልኝ፤ የማተሚያ ቤቱን ስም፣ ዓመተ ምሕረቱን። ከዚያ ድምፁ ዝቅ አለ።

«አርታኢ የሚለው ላይ የእርስዎን ስም ላድርግ ብዬ ነበር። ካልፈቀዱ ራሴን አደርጋለሁ።»

ምን እንደምለው አጣሁ። ፊደሉን ያረምኩት እኔ ነኝ። የቀረውን ማንም አላረመውም።

«ብሩን እንዳትበደር» አልኩት። «ቆይ ገና።»

«ኧረ መምህር፣ እስከ መቼ? አሥር ቀን ነው ያለኝ እኮ።»

«ፈረሱን ምን አደረግኸው?»

ዝም አለ። መስመሩ የተቆረጠ መስሎኝ ሁለቴ ሃሎ አልኩ።

«እሱን ነው እኮ እርስዎ እንዲነግሩኝ የምጠብቀው» አለኝ። «ይመለስ ወይስ አይመለስ?»

«እስከ ሰኞ ስጠኝ» አልኩትና ደብተሮቹን ከመሳቢያው አወጣኋቸው። ዛሬ ቅዳሜ ነው። ሁለተኛው ደብተር ላይ ነኝ።